የእናቷ ውሃ

የከተማዬ ሰዎች፣ የድሬዳዋና የሐረር ልጆች፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ልወቅሳችሁ ነው። በጥር ወር፣ በአንዲት እሑድ፣ ከደንገጎ ቁልቁል ስንወርድ ያደረግነውን ነገር ውጬው ልቀር ሞክሬ ነበር፤ አልዋጥ ስላለኝ ወደ እናንተ አመጣሁት።

በእግር ለመጓዝ የወጣን 22 ሰዎች ነበርን። ከድሬዳዋ መናኸሪያ በማለዳ ወደ ሐረር በሚወጡ ሁለት ሚኒባሶች ተሳፍረን፣ ጠመዝማዛውን ዳገት ጨርሰን፣ የአዲስ አበባውና የሐረሩ መንገድ በሚገናኙበት በደንገጎ «ወራጅ አለ» ብለን ወረድን። ለዚህ ጉዞ መኪና መከራየት እንደማያስፈልግ፣ የሚኒባስ ሂሳብ የያዘ ሰው ሁሉ በመኪና ወጥቶ በእግሩ ሊመለስ እንደሚችል ለሰው ሁሉ በኩራት ስናገር የኖርኩት እኔ ነኝ። ከመካከላቸው ብዙዎቹን መንገዱን ያሳየኋቸውም እኔው ነኝ። ከአስፋልቱ ተለይተን ቁልቁል ስንገባ በአንድ በኩል የጫት እርከን፣ በሌላው በኩል ነጭ የኖራ ድንጋይ ገደል ነበር፤ ከሩቅ ደግሞ ድሬዳዋ በአቧራዋ ውስጥ ተዘርግታ ትታይ ነበር።

ያንን መንገድ ያወጣነው እኛ አለመሆናችንን አስቀድሜ ልናገር። ማገዶና አትክልት ተሸክመው ወደ ቀፊራ ገበያ የሚወርዱ እናቶች፣ ከአህያ ኋላ የሚሮጡ ልጆች፣ ለታኅሣሥ ገብርኤል ወደ ቁልቢ በእግራቸው የሚጓዙ ምዕመናን፣ እነዚህ ሁሉ በዚህ ተራራ ላይ እየተመላለሱ ነው የእግር መንገዱን የፈጠሩት። እኛ በሳምንት አንድ ቀን ለጤናችን የምንረግጠው መንገድ ለእነርሱ ቤታቸውንና ጉሮሯቸውን የሚያገናኝ መንገድ ነው።

ፀሐይዋ ስትበረታ ውሃችን አለቀ። አብዛኛው ሰው የያዘው አንድ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ብቻ ነበርና መጨረሻው የታወቀ ነበር። አንድ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ አንዲት ልጅ ከታች ወደ ላይ ስትወጣ አገኘናት። 11 ዓመት ቢሆናት ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ቢጫ የዘይት ጀሪካን በገመድ ጠፍራ አዝላለች፤ ገመዱ ደረቷ ላይ ተጠላልፎ ሁለቱን ትከሻዎቿን ወደ ውስጥ ስቧቸዋል። የጀሪካኑ ክዳን ጠፍቶ ኖሮ አፉ በፌስታል ተወትፏል። ስታየን እኛን ለማሳለፍ ወደ ገደሉ ዳር ፈቀቅ አለች። ሸክም የያዘችው እርሷ ሆና ሳለ መንገድ የለቀቀችውም እርሷ ነበረች።

ውሃ ጠየቅናት። ውሃ ለጠየቀ መንገደኛ አይከለከልም፤ ይህን እርሷንም እናቷ አስተምራታለች። ጎንበስ ብላ ጀሪካኑን ድንጋይ ላይ አሳረፈች፣ ፌስታሉን ነቀለች፣ በገመዱ ጫፍ ያሰረችውን የቆርቆሮ ኩባያ ፈታች። በዕድሜ ስለምበልጣቸው «ጋሼ ይቅደሙ» አሉኝ፤ ቀደምኩ። ሁለት ኩባያ ጠጣሁ። ከዚያ ሌሎቹ ተቀባበሉ።

የተጠማ ሰው መጠጣቱን አልነቅፍም። ነገር ግን ጥማቱ ካለፈ በኋላ አንዱ ጀሪካኑን አዘንብሎ አናቱ ላይ አፈሰሰና ሳቀ። አንዲቱ የሳምቡሳ ዘይት የነካውን እጇን ታጠበችበት። አዲስ ነጭ ጫማ ያደረገው ልጅ ደግሞ ፎቶ ከመነሣቱ በፊት ጫማው ላይ ያለውን አቧራ ሊያስለቅቅ ፈለገ፤ በአንድ እጁ ጀሪካኑን አጋድሎ፣ በሌላው እጁ በሶፍት እያሸ፣ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎም ግራውን አጠበ። ውሃው በድንጋዩ ላይ ወርዶ አፈሩ ውስጥ ገባ፤ ጥቂት ቆይቶም የፈሰሰበት ቦታ ደርቆ ከሌላው መሬት መለየት አቃተኝ።

ልጅቷ የተናገረችው ያን ጊዜ ነው። አልጮኸችም። «ቢሻን ኩን ካን ሀዳ ኮቲ» አለች። ይህ ውሃ የእናቴ ነው ማለቷ ነው። ከመካከላችን አፋን ኦሮሞ የማይሰማ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ቢኖር ነው፤ ሌሎቻችን በደንብ ሰምተናል። «አቦ ችግር የለም፣ ሌላ ትቀዳለች» አለ አንዱ። አንዲቱ 50 ብር አውጥታ አስጨበጠቻት፣ ሌላው የተረፈውን ብስኩት ሰጣት፤ ከዚያም በመካከላቸው አቁመዋት ፎቶ ተነሡ። ጀሪካኑን ሳነሣው ከሥሩ የቀረው ውሃ አራት ጣት አይሞላም ነበር።

ምንጩ የት እንደሆነ ጠየቅኳት፤ በአገጯ ቁልቁል አመለከተችኝ። ጎህ ሳይቀድ ወጥታ፣ ወረፋ ጠብቃ ቀድታ ነበር ስትመለስ ያገኘናት። ጊዜው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። የቀረችውን ውሃ አልደፋቻትም። ፌስታሉን መልሳ ወተፈች፣ ጀሪካኑን አዘለች፣ የወጣችውን ሁሉ ቁልቁል ተመለሰች። ጥቂት መንገድ አንድ ላይ ስለነበርን ከፊት ከፊታችን ሄደች፤ እኛም ከኋላዋ በስልክ ዘፈን ከፍተን ወረድን።

ወገኖቼ፣ 50 ብር ምን ይገዛላታል ብላችሁ ነው? በዚያ ተራራ ላይ ውሃ የሚሸጥበት ሱቅ የለም። ያ ውሃ የአንድ ቤት ምሳና እራት፣ የሕፃን መታጠቢያ፣ ምናልባትም የጥጃ መጠጥ ነበር፤ በእኛ እግር ላይ የፈሰሰው ደግሞ የልጅቷ ግማሽ ቀን ነው።

ውሃ ማጣት ምን እንደሆነ የማናውቅ ሰዎች ብንሆን ኖሮ ባለማወቅ ነው እል ነበር። የሐሮማያ ሐይቅ ሲደርቅ ሐረር እንዴት እንደተጠማች፣ እናቶቻችን በየበሩ ጀሪካን ደርድረው እንዴት ያድሩ እንደነበር የምናስታውስ ሰዎች በዚያ ቁልቁለት ላይ ነበርን። ጫማውን ያጠበው ልጅ ራሱ ያደገው ሐረር ነው። ዛሬም ሐረር የምትጠጣው በድሬዳዋ ቆላ ካለው ከሐሰሊሶ በፓምፕ እየተገፋ ዳገቱን የሚወጣ ውሃ ጭምር ነው። ድሬዳዋም ብትሆን የምትኖረው በጉድጓድ ውሃ ነው፤ በከተማዋ ሳቢያን በተባለው ሰፈር ያሉትን ጉድጓዶች የሚሞላው ደግሞ በዚሁ በደቡቡ ተራራ ላይ ዘንቦ በድንጋዩ ስንጥቅ የሚሰርገው ዝናብ ነው። በየቤታችን ማንቆርቆሪያ ውስጥ እየተጋገረ የሚያስቸግረን ነጭ ኖራ የዚያ ተራራ ድንጋይ ነው፤ ማለዳ ሻይ ባፈላን ቁጥር ተራራውን እንጠጣዋለን። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ሲወስድ የወረደውም ጎርፍ ከዚሁ ተራራ ነበር። ከተራራው ጋር ያለን ዝምድና ይህን ያህል ነው፤ በላዩ ለሚኖሩት ግን ስማቸውን የማንጠይቃቸው ባዕዳን ሆነናል።

ነገሩ የአንድ ቀን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ባለው በፖርክ ኤፒክ ዋሻ፣ በ1933 እ.ኤ.አ. የተቆፈረውና ተመራማሪዎች ከሩቅ አገር የሚመጡለት ዋሻ ማለቴ ነው፣ የደበዘዙት ጥንታዊ ሥዕሎች በፎቶ ደምቀው እንዲወጡ ውሃ ሲረጭባቸው አይቻለሁ። ከሐረር በፉኛን ቢራ አውቶብስ በዱር ፈረሶቹ ወደሚታወቀው ወደ ቁንዱዶ ተራራ የሄዱ ጓደኞቼም ፈረሶቹ ሲሮጡ እንዲቀረጹ በድንጋይ ያባረሯቸውን ሰዎች አይተው ተመልሰዋል። ይህን በዚሁ ልለፈው፤ ልቤ ያለው ከጀሪካኑ ጋር ነው።

ከእናንተ ይልቅ ራሴን የምወቅስበት ምክንያት አለኝ። በዚያ ቡድን ውስጥ ጋሼ የምባለው እኔ ነበርኩ። «ተው ልጄ፣ ይህ የሰው ውሃ ነው» ብል ኖሮ ያ ልጅ ጀሪካኑን ወዲያው ያስቀምጥ ነበር፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ሲቆጡት ይሰማል። እኔ ግን አፌ ውስጥ የእርሷ ውሃ ነበር። ሁለት ኩባያ የጠጣ ሰው ሌላውን በምን አንደበት ይከለክላል ብዬ ዝም አልኩ፤ እግሬም ደክሞኝ ስለነበር የጀመረው ዕረፍት በጭቅጭቅ እንዲበላሽ አልፈለግሁም። ማታ ፎቶው በስልኬ ደረሰኝ። ነጩ ጫማ ያበራል፤ ልጅቷ 50 ብሩን ጨብጣ ወደ ካሜራው ሳይሆን ወደ ጀሪካኑ ታያለች። ከሥሩ የልብ ምልክት ያደረጉ ብዙ ነበሩ። እኔም አድርጌያለሁ። ያደረግሁትን ያስተዋልኩት ከተኛሁ በኋላ ነው፤ ተነሥቼ ባጠፋውም ልጅቷ ወደ ጀሪካኑ ስታይ ከዓይኔ አልጠፋችም።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ወደ ደንገጎም ሆነ ሐረር ወዳለው ተራራ ወደ ሐኪም ጋራ የምትወጡ ሁሉ፣ በቆላው ፀሐይ ለሚሄድ ሰው ቢያንስ 3 ሊትር ውሃ ከቤቱ ይዞ ይውጣ፤ መሸከም የከበደው መንገዱን ያሳጥር። ሸክም የያዘ ሰው ስታዩ ገደል ዳር የምትቆሙት እናንተ ሁኑ። ጨንቋችሁ ውሃ ከለመናችሁ አንድ ኩባያ ጠጥታችሁ አመስግኑ፤ ጀሪካኑንም መልሳችሁ ከማሸከማችሁ በፊት ዳገቱ ላይ ተሸከሙለት፤ 22 ሰው 20 ሊትርን ተራ በተራ ቢሸከም ማንንም አይደክመውም። በዚያን ቀን ይህ ለአንዳችንም አልታሰበንም።

ይህን ስናገር ብዙ ተስፋ ኖሮኝ አይደለም፤ ከዚህ በፊትም ስለ ፕላስቲኩና ስለ ሙዚቃው ተናግሬ ራሳቸውን ነቅንቀው የተለያዩኝ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ባለ ነጭ ጫማው ልጅ ቀፊራ አጠገብ አግኝቶኝ ሰላም ካለኝ በኋላ ሳይሄድ ቆመ። «ጋሼ፣ የዚያች ልጅ ቤት የት ይሆን?» አለኝ፤ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ። አላውቅም አልኩት። ስሟንስ ሲለኝ እርሱንም አላውቅም። በመጪው እሑድ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄደን ምንጩ ዘንድ ልንጠይቅ ተቀጣጥረናል፤ ክዳን ያለው ጀሪካን እርሱ ይገዛል።