«ተቀጠረ» ወይስ «ዘመተ»?

«ቲቸር፣ ልቀጠር ነው» አለኝ። የመስቀል ማግስት ነበር፤ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ጀበና ቡና ይዘን ተቀምጠናል። አምና ያስተማርኩት ልጅ ነው። የት እንደሚቀጠር አልጠየቅኩትም። እኛ ከተማ ጎንደር አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ልጅ ምንም ሳያስከትል «ልቀጠር ነው» ካለ መከላከያ ሊገባ ነው። ባንክ ቢሆን ባንክ ይላል፣ ሆቴል ቢሆን ሆቴል ይላል።

በሳምንቱ እናቱን ቅዳሜ ገበያ አገኘኋቸው። ገብስ እየገዙ ነበር፤ ለበሶ። «ልጄ ሊዘምት ነው እኮ» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፣ አንገታቸው ግን ቀና ብሏል። እናትና ልጅ ስለ አንድ ጉዳይ እያወሩ ሁለት የተለያየ ነገር እንደሚሉ የገባኝ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው።

መዝመት በአያቶቻችን ዘመን ምን እንደነበር እናውቃለን። ዘማች የራሱን ጠመንጃና የራሱን ስንቅ፣ ካለውም በቅሎውን ይዞ ይነሣል። አዝመራው ከገባ በኋላ ይወጣል፣ ክረምት ሳይዘጋው ለመመለስ ያስባል። የሚከተለውን አለቃ ከነአባቱ ያውቀዋል። አጠገቡ የሚሰለፈው የአጎቱ ልጅ ነው፤ ቢቆስል የሚሸከመው፣ ቢሞት መርዶውን የሚያመጣው የሰፈሩ ሰው ነው። ደመወዝ ስለሌለው ስለ ደመወዙ የሚጠይቅ የለም። ሽለላውም ፉከራውም የተሠራው ለእሱ ነው።

ተቀጣሪ ሌላ ነው። ፎርም ይሞላል፣ ፎቶ ይሰጣል፣ ሐኪም ያየዋል። ብር ሸለቆ ወይም ሁርሶ ይሠለጥንና ወዴት እንደሚመደብ ሌላ ሰው ይወስንለታል። ደመወዝ አለው፣ ፈቃድ አለው፣ የአገልግሎት ዘመን አለው። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ እንኳ የመከላከያንና የፖሊስን አባል ከአስተማሪው ጋር አብሮ ነው የሚያቅፈው። እኔና ያ ልጅ በጡረታው በኩል ባልደረቦች ልንሆን ነው ማለት ነው። ልዩነታችን የእኔ ሥራ ጠመኔ አቧራ ያስነክሳል፣ የእሱ ደግሞ ያስገድላል፣ ይገድላልም።

እኛ ተቀጣሪውን በዘማች ወግ እየሸኘን ነው። በሶ ተፈጭቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ ፎክሮ፣ ልጁ ይሄዳል። በዚያ ሁሉ ጫጫታ «ስንት ዓመት ነው የፈረምከው?» የሚል ሰው የለም። ሴት ልጃችንን ስንድር ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ሽማግሌ የላከውን ወገን «ተመካክረን እንንገራችሁ» ብለን በቀጠሮ እናመላልሳለን። አንዲት ክፍል ቤት ስንከራይ ውል እናስጽፋለን፣ ምስክር እናስፈርማለን። የልጃችን ወጣትነት ሲሄድ ግን መጠየቅ ፍርሃት ይመስለናል። ደመወዙን ያነሣ ሰው ጀግንነቱን ያረከሰ ይመስለናል።

ይህን ነገር ከእኛ ቀድመው የተረዱት ፒያሳ ላይ ሐውልታቸው የቆመው የቋራው ሰው ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጭፍራው የገበሬውን ጎተራ እየገለበጠ መኖሩን ሊያስቀሩ፣ ወታደሩ ደመወዝ ተቆርጦለት እንዲያድር ሞክረዋል። አስር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ እያሉ ሠራዊቱን በማዕረግ ያደራጁትም እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ልጆቻችን የሚጠሩበት የማዕረግ ስም ከዚያ የመጣ ነው። ገንዘቡ አላዘለቃቸውም፣ አገሩም አልተገዛላቸውም፤ ሐሳቡ ግን ወታደርነትን እንጀራ የሚበላበት ሥራ ማድረግ ነበር። እኛ ከእሳቸው የያዝነው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የጠጡትን ሽጉጥ ብቻ ነው። ስለ ሽጉጡ እንዘፍናለን፤ ስለ ደመወዙ ሲዘፈን ሰምቼ አላውቅም።

«ዘመተ» የሚለው ቃል ትክክል የሆነበት ጊዜ የለም እያልኩ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የህልውና ዘመቻ ተብሎ ከተማው ሲነሣ ከሸኚዎቹ አንዱ ነበርኩ፤ መድረክ ላይ ወጥቼም ፎክሬያለሁ። በዚያው ኅዳር መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ተማሪው የዘማቹን አዝመራ እንዲሰበስብ ተደርጎ ነበር። ተማሪዎቼን ይዤ ማሽላ አጭጃለሁ። ያ ዘመቻ ነበር፦ ሰውዬው ሄደ፣ አገር እርሻውን ያዘለት። ዛሬ ለሚቀጠረው ልጅ ግን ማን ያጭድለታል? እሱ የሚቀርለት ውሉ ነው። ውሉን ደግሞ አላነበብነውም።

በቤታችን የዚህ ነገር ቁስል አለ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ዐዋጅ ወጣ፤ ከ18 እስከ 30 ዓመት ለሆነው ስድስት ወር ሥልጠና፣ ሁለት ዓመት አገልግሎት የሚል። ስለዚያ ዘመን ሲወራ የሚነሣው አፈሳው ነው፤ ልጅ ጎታ ውስጥ የደበቁ እናቶች፣ ሌሊት ቆላ ለቆላ ወደ ሱዳን የተሻገሩ ጎረምሶች። የእናቴ ታናሽ ወንድም ግን አልታፈሰም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ «ሁለት ዓመት ምን አላት፣ ጨርሼ መጥቼ እማራለሁ» ብሎ በራሱ እግር ሄደ። የመጣው በ1983 ነው። ከኤርትራ ወደ ከሰላ፣ ከከሰላ በሁመራ አድርጎ፣ እግሩ አብጦ። ሠራዊቱ ፈርሷል፣ ማዕረጉ ወረቀት ሆኗል። የፈተና ውጤቱን ኦሪጅናል ይዞ ሄዶ ኖሮ ከረን ላይ ከሻንጣው ጋር ጠፍቶበታል። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ልማር ሲል ወረቀት አምጣ አሉት። እስኪሞት ድረስ ግንበኛ ነበር፤ ጥሩ ግንበኛ። ስለ ጦርነቱ ብዙም አያወራም ነበር፣ ስለዚያች ወረቀት ግን ሲጠጣ ያነሣት ነበር።

ለዚህ ነው ለልጁ ከሁሉ በፊት ያልኩት ነገር ከጀግንነት ጋር ምንም የማይገናኝ የሆነው፦ ኦሪጅናሉን እናትህ ሣጥን ውስጥ አስቀምጥ፣ ኮፒውን አስመስክረህ ያዝ።

አሁን ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ልምጣ፣ ምክንያቱም ይህ ሁሉ ውሳኔ መስከረም ላይ የሚቆረጠው በፈተናው ሰበብ ነው። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነው። ከመቶ ተማሪ ዘጠና ምናምኑ «ወደቀ» ከተባለ መውደቅ የሚለው ቃል ልጁን መግለጹ ቀርቷል፤ ስለ እኛ ስለ አስተማሪዎቹ የሚናገረው ይበልጣል። ሰፈሩ ግን ይህን ሒሳብ አያውቀውም። ውጤት በወጣ በሦስተኛው ቀን «አመጣ?» የሚል ጥያቄ ከዳቦ ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይከተለዋል። አባት ያኮርፋል። እህት ትከላከላለች፣ አባት የባሰ ያኮርፋል። ልጁ ከዚያ ዓይን ለማምለጥ የሚያገኘው በጣም ቅርብ በር፣ ማንም ሊንቀው የማይደፍረው በር፣ የምልመላ ጠረጴዛው ነው። ትናንት «የወደቀው» የተባለ ልጅ ዛሬ ይፎከርለታል። እኔም በአሥራ ስምንት ዓመቴ ብሆን ይህ ያጓጓኝ ነበር።

ስለዚህ አትቀጠር አላልኩትም። አስተማሪ ነኝ፣ በልጅ ዕድሜ ላይ ማኅተም የመምታት ሥልጣን የለኝም። ያልኩት «መስከረም ላይ አትቀጠር» ነው። ጥምቀትን ዋል። ፋሲለደስ መዋኛ ከጓደኞችህ ጋር ዘልለህ፣ ቀዝቃዛው ውኃ ነክቶህ፣ የሰፈሩ ጥያቄ ሰልችቶት ሲተውህ፣ ያን ጊዜም ልብህ ወታደር ቤት ካለ ሂድ። ምልመላው ጥር ላይም ይኖራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይሄኛው ግን ከፈሰሰ የሚለቀም አይደለም። እስከዚያ ሬሜዲያል፣ ማለትም የማካካሻ ትምህርት፣ ቢደርሰው ሬሜዲያል፣ ባይደርሰው በግል ተፈታኝነት መመዝገብ፣ ፖሊ ቴክኒክ ሄዶ ብየዳ ወይም ኤሌክትሪክ መጀመር ይችላል። እነዚህን ስዘረዝርለት በትሕትና አዳመጠኝ። ብየዳ የተማረው ታላቅ ወንድሙ ባጃጅ እንደሚነዳ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

ወታደር ቤት ገብተው ሰው የሆኑ ተማሪዎች የሉኝም ብል እዋሻለሁ። አንዱ ከባድ መኪና መንዳት ተምሮ ወጥቶ ዛሬ ከመተማ ሰሊጥ ያመላልሳል። አንዱ ሰላም ማስከበር ደርሶት ባጠራቀመው ለእናቱ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። መልማዮችም የሚያወሩት የእነዚህን ነው፤ «ትማራለህ፣ ውጭ ትሄዳለህ» ይላሉ። ሐሰት አይደለም። ከስንት አንዱ እንደሆነ ግን አይነገርም፤ ልጁም አይጠይቅም። በነገራችን ላይ ስለ ቅጥር ካማከሩኝ መካከል ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ ለእነሱ የፎከረ ሰው አላየሁም። ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል፣ ስለ ደመወዝና ስለ ፈቃድ አጥብቀው የጠየቁኝ እነሱ ብቻ ነበሩ።

ጎንደር ተቀምጦ ስለ ውትድርና የሚጽፍ ሰው ሦስተኛውን ቃል ዘልሎ ቢያልፍ አንባቢው ይታዘበዋል። «ጫካ ገባ» የሚለው ቃል ነው፤ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚነገረው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ በክልላችን ወታደር መሆን እንደ ድሮው ከቤት ርቆ ድንበር መጠበቅ ብቻ አይደለም። አንዱ ልጇ መለዮ ለባሽ፣ ሌላው ልጇ ጫካ የሆነባት እናት አውቃለሁ፤ ለሁለቱም ሻማ የምታበራው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። መለዮ የለበሰው ለፈቃድ ሲመጣ በሲቪል ልብስ፣ በጨለማ፣ ለአንድ ሌሊት ነው። ከዚያ በኋላ ለሳምንት ጎረቤት በሯን አያንኳኳም። ይህን ለልጁ ነገርኩት፣ ያውቀዋልም። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የቆየበት፣ እጁ ባዶ የሆነ የገጠር ጎረምሳ ቀድሞ ለደረሰው ይሄዳል፤ ጫካ ያለው ደግሞ የሚያስፈርመው ውል እንኳ የለውም። ማንም ይጥራው ማን፣ አሥራ ስምንት ያልሞላውን ልጅ ጠመንጃ የሚያሸክም ሰው ፊት ቆሞ እምቢ ማለት የወላጅ ድርሻ ነው ብዬ አምናለሁ። እምቢ ማለት ቀላል እንዳልሆነም አውቃለሁ።

ከቡናው በኋላ ደብተር አወጣሁና አምስት ጥያቄ ጻፍኩለት፣ የምልመላው ጠረጴዛ ጋ ሄዶ እንዲጠይቅ። ግዴታው ስንት ዓመት ነው፣ ሲያልቅ ልውጣ ብል የሚፈቅደው ማነው? ብቆስል ማን ያሳክመኛል፣ ለሥራ ብቁ አይደለህም ብሎ የሚወስነው ማነው፣ ከዚያስ ምን ይሰጠኛል? መማር ብፈልግ ከስንት ዓመት በኋላ ነው፣ ምን ነጥብ ይጠይቃል? ደመወዜን እናቴ በውክልና መቀበል ትችላለች ወይ፣ ብጠፋ ወይም ብማረክስ ይቋረጥባታል? ስሰናበት የሚሰጠኝ ወረቀት ሌላ መሥሪያ ቤት ምን ያህል ይቆጠርልኛል?

ደብተሩን አጥፎ ኪሱ ሲከተው «ይህን ከጠየቅኩ ፈሪ አይሉኝም?» አለኝ። «ሊሉህ ይችላሉ» አልኩት። «ጥይት የማይፈራ ሰው የጸሐፊ ግልምጫ ሊፈራ ነው?» ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

ሐሙስ ዕለት ደወለልኝ። ሄዶ ጠይቋል። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ሃምሳ አለቃ፣ የሚገርመው፣ አልገላመጡትም፤ «እስካሁን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም» ብለው ወንበር ሰጥተውታል። ለሦስቱ ቁርጥ ያለ መልስ አግኝቷል። አራተኛውን ከአለቃቸው አጣርተው ሊነግሩት ለሰኞ ቀጥረውታል። አምስተኛውን ሲሰሙ ዝም ብለዋል አለኝ።

እናቱ በሶውን ፈጭተው ጨርሰዋል።