በነፃ ይመዘኑ

ማክሰኞ ማታ ነው። ከመገናኛ የካ አባዶ ድረስ ለሦስት ሰው በተሠራ የታክሲ ወንበር አራተኛ ሆኜ፣ ታጥፌ መጥቼ፣ ገና እግሬን መዘርጋቴ ነው። መውረጃው ላይ፣ ከጀበና ቡናዋ አጠገብ፣ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ የሰው ሚዛን አስቀምጦ ቁጭ ብሏል። «ኪሎ በ5 ብር! ኪሎ በ5 ብር!» ይላል ለሚያልፈው ሁሉ። እኔ ስደርስ ዝም አለ። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች አየኝና መሃል ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ለእርስዎ በነፃ ነው!»

ሰው ሳቀ። ቡና ቀጂዋ ረከቦቱን ይዛ ሳቀች። አብሮኝ የወረደው፣ መንገዱን ሙሉ ጎኔን በክርኑ ሲጎስመኝ የመጣው ሰውዬ ሳይቀር ሳቀ።

እዚህ አገር በነፃ የሚታደል ነገር ሁለት ብቻ ነው። ምክርና ስድብ። ልጁ ሁለቱንም ባንዴ ሰጠኝ። ለምን በነፃ እንዳደረገው የገባኝ ደግሞ ትንሽ ከራቅኩ በኋላ ነው። እኔ ከተመዘንኩ ሰው ይሰበሰባል። ሰው ከተሰበሰበ ገበያ አለ። ልጁ ነጋዴ ነው፤ ያድጋል።

አልተመዘንኩም። ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቤቴ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ቆሜ ስልኬን አየሁ። ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው ስልኬን የማየው። የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤቶቼ ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው ብለው ያከብሩኛል።

ገብቼ ቀበቶዬን ፈታሁ። አምስት ቀዳዳ ይዞ የተገዛ ቀበቶ ነው። ሦስተኛው ላይ ቆዳው ተሰብሮ መስመር ሠርቷል። እዚያ ላይ የታሰርኩት በ2009 ነው። አምስተኛው ተለጥጦ ሞላላ ሆኗል። ወደ ጫፉ ያለውን ስድስተኛውን የበሳሁት ራሴ ነኝ፤ ሚስማር ምድጃ ላይ አግዬ። እጄ ስለተንቀጠቀጠ ቀዳዳው ትንሽ ወደ ጎን ሄዷል።

አንድ የምወደው ተረት አለ። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል።» ሲተርቱት የሰከረ ሰው ምስጢር አይጠብቅም ማለታቸው ነው። እኔ ላይ ግን ተረቱ ቃል በቃል ደረሰ። ብቅሉ ምስጢሬን አላወጣም፤ ሆዴን ራሱን ነው ያወጣው። ባለ 330 ሚሊ ሊትሩ አንድ ጠርሙስ ቢራ 140 ካሎሪ ገደማ አለው። አንድ ግራም አልኮል ብቻውን 7 ካሎሪ ነው። ስኳር እንኳ 4 ነው። አንድ ወዳጄ «ቦርጭ ከቢራ ብቻ አይመጣም» እያለ ይከራከረኛል። እውነቱን ነው። ቢራው ብቻውን መጥቶ አያውቅማ! ከጥብስ ጋር ነው የሚመጣው።

ለነገሩ ቋንቋችን ራሱ በሆድ ላይ ያለው አቋም ግልጽ አይደለም። «ሆደ ሰፊ» ምስጋና ነው፣ ታጋሽ ማለት ነው። «ሆዳም» ስድብ ነው። «ሆድ አደር» ከዚያም የባሰ ስድብ ነው። «ሆዴ» ብላ የምትጠራህ ግን ትወድሃለች። የተኳረፉ ሰዎች «ሆድና ጀርባ ሆኑ» ይባላሉ። በዚህኛው ላይ ቅሬታ አለኝ። የኔ ሆድና ጀርባ ተጣልተው አይደለም የተራራቁት። በመሃላቸው ብዙ ነገር ገብቶ ነው። ይህን ሁሉ ስፋት ይዤ ደግሞ አንድ ሰው እንኳ ሆደ ሰፊ ብሎኝ አያውቅም።

ባለቤቴ የልብስ ሰፊ ሜትር አላት። ያን ማታ በእምብርቴ በኩል ዙሪያዬን ለካችኝ። 106። ወገቡ ከ94 ሴንቲ ሜትር ያለፈ ወንድ ለስኳርና ለልብ በሽታ ያለው ስጋት ከፍ ይላል ይላሉ ሐኪሞች። ቁጥር መሸምደድ ለማይወድ ደግሞ ቀላል ሕግ አለ፤ ወገብ ከቁመት ግማሽ አይብለጥ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ72 ነው። ግማሹ 86። ባለቤቴ በጣቷ ቀነሰችና 20 ሴንቲ ሜትር ትርፍ አገኘችብኝ። አዘነችልኝ።

«እስቲ አሁን ደግሞ ትንፋሽህን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገህ ልለካህ» አለችኝ።

ስቤ ነበር እኮ!

እና ቆረጥኩ። ረቡዕ ጠዋት ገና ሳይነጋ ቱታዬን ለብሼ ወጣሁ። እኛ ዳር ነዋሪዎች ነን። ሌሊት የጅብ ድምፅ እንሰማለን። ጅቡ ሲገባ ፈረቃውን የሚረከቡት ውሾቹ ናቸው። ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ በየማለዳው አትሌቶች ይሮጣሉ። የሰፈሩ ውሾች አትሌት ሲያልፍ ቀና ብለው እንኳ አያዩም። ለምደውታል። እኔ ስመጣ ግን ሁሉም ተነሱ። የሚሮጥ ሰው አይተው ያውቃሉ፤ እንዲህ የሚሮጥ ሰው ግን አላዩም። ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ አልኩ። ጎንበስ ማለትም ለካ ስፖርት ነው።

በዚህ መሃል ሁለት ልጃገረዶች በአጠገቤ ሽው ብለው አለፉ። አንዷ ዞር አለችና፣ ትንፋሿ ሳይቆራረጥ፣ «አይዞዎት አባባ!» አለችኝ።

አባባ! 43 ዓመቴ ነው።

ጥፋቱ የአበበ ቢቂላ ነው። ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ የጨረሰው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው። ቀኑን ልብ በሉት፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! ሌላው ኢትዮጵያዊ ሽንኩርት እየከተፈ ዶሮ በሚያሰናዳበት ምሽት እሱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሮጠ። ከዚያ ወዲህ ዓለም በሙሉ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይሮጣል ብሎ አመነ። ውጭ አገር የሚኖር የአጎቴ ልጅ ከየት ነህ ሲሉት ከነገራቸው በኋላ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው ይላል። «ማራቶን ትሮጣለህ?» 110 ኪሎ ነው። አበበ ያቆየልንን ስም እኔና እሱ ተረባርበን እያፈረስነው ነው።

መሮጡ ቢቀር መራመድ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይበቃዋል ይላል። ጥሩ። የት? ጄኔቫ ተቀምጦ «ተራመዱ» ማለት ቀላል ነው። እኛ ሰፈር የእግረኛ መንገዱ ላይ አሸዋ አለ። ከአሸዋው ቀጥሎ ብሎኬት አለ። ከብሎኬቱ ቀጥሎ ክረምት ከመግባቱ በፊት ተቆፍሮ ማንም ያልደፈነው ቦይ አለ። ከዚያ አንድ የቆመ ሲኖትራክ። ለጤናህ ብለህ ወጥተህ አስፋልት መሃል ከሌላ ሲኖትራክ ጋር ትፋጠጣለህ።

«ታዲያ ጂም አትገባም?» ትሉኝ ይሆናል። ባታነሱብኝ ይሻል ነበር። ገብቼ ነበር። ሦስት ወር በአንድ ጊዜ ለከፈለ ቅናሽ አለ ተባልኩና ከፈልኩ። ሁለት የመሮጫ ማሽን አለ። አንዱ ከተበላሸ ቆይቷል፣ ፎጣ ነው የሚሰጣበት። ሁለተኛው መብራት ሲኖር ይሠራል። ያለ የሌለ ጉልበቴን ሰብስቤ ስሮጥ መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቀጥ ሲል እኔ ግን ቀጠልኩ። ግንባሬ ላይ ያለው ምልክት ከዚያ ነው። አሠልጣኙ ፂሙ ገና ያልጠና ልጅ ነው፤ ለቦርጭ መድኃኒቱ ሲት አፕ ብቻ ነው ብሎ በቀን 300 ያዘኛል።

ውሸት ነው። ዛሬ ደፍሬ እላለሁ፣ ውሸት ነው። ሆድ በማሠራት የሆድ ስብ ለብቻው ተለይቶ አይቀልጥም። ሥር ያለው ጡንቻ ይጠነክራል፤ ስቡ ከላይ ተኝቶ ይታዘባል። ሰውነት ከሚያስፈልገው በታች ሲያገኝ ከያለበት ይወስዳል፣ ከየት እንደሚጀምር ግን ባለቤቱን አያማክርም። ከኔ ከፊቴ ጀመረ። ሁለት ወር ለፍቼ ጉንጬ ገባ፣ ሆዴ ባለበት ቀረ።

ይሄኔ ነው የሰው ነገር ያስመረረኝ። ትናንት «ቦርጭህን ቀንስ» ሲለኝ የነበረው ሁሉ ዛሬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» ማለት ጀመረ። መሥሪያ ቤት ውስጥ አንዷ በትከሻዬ ላይ አልቅሳ ልትገላገል ምንም አልቀራትም። የዕድራችን ዳኛ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ጠጋ ብለው «ለመሆኑ ተመርምረሃል?» አሉኝ። ያዩኝ እንደ ሰው አልነበረም፣ እንደ ሚቀጥለው ድንኳን ነው። ታዲያ ምን ልሁን? ብትወፍር መሳቂያ ነህ፣ ብትከሳ በሽተኛ ነህ። መሃሉ ላይ ሦስት ቀን እንኳ የሚያስቀምጥህ የለም። አንድ ሰው ገላ ላይ ስብሰባ የጠራው ማን ነው?

ጂሙ በሦስተኛው ወር መጀመሪያ ተዘጋ። አንድ ጠዋት ስሄድ «የሚከራይ ቤት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ቀሪ ገንዘቤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ባለቤቱን አንድ ቀን አገኘዋለሁ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ረቡዕ። ከሩጫው ስመለስ ለምሳ ሽሮ ተሠርቷል። የጾም ቀን ነው። የምእመን የጾም ቀናት በዓመት ሲደመሩ 180 ገደማ ይሆናሉ፤ የዓመቱ ግማሽ ማለት ነው። በዚህ ስሌት ቦርጭ የሚለው ቃል ከአማርኛ መጥፋት ነበረበት። ግን ሽሮው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ሲቀርብ ጠርዙን አየሁት። ቀይ ዘይት ዙሪያውን ከቦ ፍጥጥ ብሏል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። ቅቤ በጾም ስሙን ቀይሮ ይመጣል እንጂ መቼ ቀርቶ ያውቃል? ዘይት እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ደግሞ ጠርዙን በእንጀራ ሳይጠርጉ መነሳት ነውር ነው። ጠረግኩት።

ሐሙስ ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ የማኅበር ተራቸው ነበር። ስገባ ገና በሩ ላይ ሆዴን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ ሐብሐብ የሚገዙ ነው የሚመስሉት።

«ውይ ልጄን! ይሄ ነገር እኮ ልብ ላይ ይወጣል። ቀንስ እንጂ!»

ከዚያ መድኃኒቱ ዘነበ። ፌጦ በባዶ ሆድ። ሎሚ በሙቅ ውሃ። ዝንጅብል። ወገብን በላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥ። ሎሚ ስብ አያቀልጥም፣ ላስቲኩም የሚያወጣው ላብ ብቻ ነው፣ ውሃ ስትጠጣ ይመለሳል ልል አፌን ከፈትኩ። ስህተቴ እሱ ነው። የተከፈተ አፍ ያገኙት እማማ ከነእንቁላሉ አጎረሱኝ።

«እማማ፣ በቃኝ፣ እየቀነስኩ ነው...»

«አንድማ ያጣላል! አፈር ስሆን!»

ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛው «በሞቴ» ተብሎ ገባ። እኔ እምቢ ብዬ እማማ ይሙቱ? ቀኝ እጃቸው ያጎርሰኛል፣ ግራ እጃቸው ሆዴን ይደበድባል፣ አፋቸው ደግሞ የጎረቤታቸው ልጅ በቦርጭ ምክንያት ስኳር እንደያዘው ይተርካል። ለሦስቱም አንድ ሴትዮ ናቸው። ምግብ አሳንሼ ልኖር እችል ይሆናል። እምቢ ብዬ ግን ከማን ጋር ልኖር?

አርብ ማታ ከታክሲ ወረድኩ። አትክልት ቤት ገብቼ ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ገዛሁ። ልጁ ሚዛኑን ይዞ እዚያው አለ። እልህ ያዘኝ። 5 ብሬን አውጥቼ በእጁ አስያዝኩት፤ በነፃ አልፈልግም። ወጣሁ።

«97» አለ ልጁ ጮክ ብሎ። ቡና ቀጂዋ ቀና አለች።

«ሽንኩርት ይዣለሁ እኮ!»

«ያስቀምጡት ጋሼ።»

ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ሁለታችንም አጎንብሰን መርፌዋን አየን። 95።

ዝም ተባባልን። ልጁ ቀስ ብሎ ፌስታሉን አየ፣ ከዚያ አትክልት ቤቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

«ጋሼ፣ ስንት ኪሎ ነበር የገዙት?»

ሽንኩርቴን አንስቼ ወደ አትክልት ቤቱ ተመለስኩ። በፍጥነት። ልጁ ከኋላዬ ይጮሃል። «ከፈለጉ ሚዛኑን ይዤ ልምጣ! በነፃ ነው!»