ለመጠይቅ ውሸት፣ ለወሬ ጆሮ

የቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ሶሲዮሎጂ አስተምራለሁ። ሰው ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ምን እንደሚሰማ፣ የሰማውም ኑሮውን ይለውጥለት እንደሆነ ስጠይቅ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እንደናንተ የዋሸኝ ግን የለም።

ባለፈው ሳምንት መጠይቅ የያዘች ተማሪዬ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጣች። «ቴሌቪዥን ላይ ምን ያያሉ?» «ዜና ብቻ።» ከውስጥ የቃና ድራማ ይጮኻል! ቃና በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ድራማ ያልገባበት ቤት የት አለ? ማየቱ ነውር አይደለም እኮ። እኔም አያለሁ፣ ባለቤቴ ትመስክር። ግን ሁላችሁም «ዜና» ካላችሁ፣ ስለ ክትባት የሚነገረው መልእክት ማንም በማያየው ሰዓት ይተላለፋል። ከዚያ «መች ተነገረን?» ትላላችሁ።

«በቤቱ ስንት ሰው አለ?» ሲባልማ ጉዱ ይብሳል። እርዳታ የመጣ ሲመስላችሁ ስምንት ናችሁ። ግብር ሲመስላችሁ ሦስት። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ እነዚህ የምንኖርባቸው ብሎኮች የሉም። ትምህርት ቤት ጠበበን፣ ጤና ጣቢያ ራቀን እያላችሁ ቁጥራችሁን የምትደብቁት ከማን ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

«ጠይቃችሁ ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ ድምፃችሁ ይጠፋል» ያሉኝ እናት ግን አፌን አስይዘውኛል። እውነታቸውን ነው። መልሳችሁን ወስደን፣ ፈረንጅ መጽሔት ላይ አውጥተን፣ የማዕረግ እድገታችንን አግኝተን እንቀራለን። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ፣ ቪየና አጠገብ ማሪየንታል የምትባል መንደር ፋብሪካዋ ተዘግቶ ሰው ሥራ ፈትቶ ነበር። የሶሲዮሎጂ ተመራማሪው ፖል ላዛርስፌልድና ጓደኞቹ ሊያጠኑ ሲሄዱ ባዶ እጃቸውን አልገቡም። ልብስ አሰባስበው አደሉ፣ ሐኪምም አመጡ። እኛ እስክሪብቶ እንኳን ትተን አንሄድም።

ይኸው ላዛርስፌልድ በኋላ አሜሪካ ገብቶ፣ በ1940 (እ.ኤ.አ.) ምርጫ ወቅት ኦሃዮ ውስጥ ያጠናው ነገር ደግሞ በቀጥታ የእናንተን ቡና ይመለከታል። ሰውን የሚያሳምነው ሬዲዮና ጋዜጣ ነው ሲባል፣ መራጩ ይበልጥ የሚሰማው የሚያምነውን የቅርብ ሰው ሆኖ ተገኘ። አያችሁ፣ ከረከቦቱ ፊት የተቀመጠች ሴት ከጣቢያው ትበልጣለች። እና ቲክቶክ ላይ ያያችሁትን «ዘይት ሊጠፋ ነው» አቦል ላይ ታወራላችሁ። ቶናው ሳይቀዳ ብሎኩ በሙሉ ሱቅ በር ላይ ነው። ባለሱቁ ዋጋ ሲጨምር ደግሞ «አላልናችሁም?»። ማን አስጨመረው?

ተማሪዬ ቅዳሜ ትመለሳለች። በር ክፈቱላት፣ ውሃም ስጧት፣ ደረጃው ብዙ ነው። ቃናውን መዝጋት አያስፈልግም። እኔ ደግሞ ውጤቱን በአማርኛ አትሜ ኮሚናሉ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። ስንቶቻችሁ «ዜና ብቻ» እንዳላችሁ ጭምር።