«ፎቶውን 300 ዲፒአይ አድርገህ ላክ» የሚለው የአታሚዎች ጥያቄ አንገሽግሾኛል!

ዲፒአይ (ሲታተም በአንድ ኢንች ውስጥ የሚሰፍሩት ነጥቦች ብዛት) ብቻውን ምንም አይልም እኮ! ወርዱ 3000 ፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው ትንንሽ ነጥቦች) የሆነ ፎቶ ፋይሉ ላይ 72 ተብሎ ቢጻፍበትም 300 ቢጻፍበትም ያው ፎቶ ነው፤ አንዲት ፒክስል አትጨምርም፣ አትቀንስም። ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው ሲታተም ነው፤ በ300 ከታተመ ወርዱ 10 ኢንች ይሆናል፣ በቃ። ስንት ኢንች አድርጋችሁ እንደምታትሙት ንገሩኝና የሚበቃችሁን ፒክስል ልላክ!

ይባስ ብሎ ደግሞ ተጨምቆ የደረሳቸውን ትንሽ ፎቶ በሶፍትዌር ለጥጠው «ጥራቱን ጨመርነው» ይላሉ። የጠፋው ዝርዝር ከየት መጣ? ሶፍትዌሩ በግምት ነው የሚሞላው፤ የሰው ፊት እንደ ሰም ልስልስ ብሎ የሚወጣው ለዚህ ነው። ድምፅ ላይም ያው ነው። ኤምፒ3ን (የተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ወደ 24 ቢት ዋቭ (ያልተጨመቀ ትልቅ የድምፅ ፋይል) ቀይሮ «የስቱዲዮ ጥራት» ማለት ፋይሉን ማሳበጥ ብቻ ነው፤ ሲጨመቅ የተጣለው ድምፅ አይመለስም።