ፋይሉን ተዉትና ያነበባችሁትን ንገሩን

«የንባብ ባህላችን ሞቷል» የሚለው ወሬ ሰልችቶኛል። በየመድረኩ ይባላል፣ በየሬዲዮው ይባላል፣ መጽሐፍ በተመረቀ ቁጥር ደግሞ ሳይባል አይታለፍም። እስቲ ይህን የሚሉ ሰዎች አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከመገናኛ ወደ የካ አባዶ፣ ወይም ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ይሳፈሩ። ብዙው ተሳፋሪ ኢርፎን ሰክቷል። ዘፈን የሚሰማ አለ፣ እሺ። የልብ ወለድ ትረካ የሚሰማም አለ። ስልኩ ላይ ፒዲኤፍ ከፍቶ ገጹን በጣቱ እያሰፋ የሚያነብ አለ። የኮሪያ ድራማ የምታይ ልጅ አለች። ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ድራማውን እያቆመች የሰማችውን ቃል ደብተሯ ላይ በፊደል ትጽፋለች። መንገዱ ረጅም ነው፣ ወረፋውም እንደዚያው። ያንን ሰዓት በንባብ የሚያሳልፈውን ሰው ማን ቆጥሮት ነው ንባብ ሞተ የሚባለው?

እኔ በከተማው ዳር ስኖር ያየሁት ችግር ሌላ ነው። ስላነበብነው የምናወራው ሰው ነው የጠፋን።

ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ከተማ ያህል ናቸው። ነዋሪው ግን ከየትም የተሰባሰበ ነው። አንዱ ዕጣ ወጥቶለት መጣ፣ አንዱ ሰፈሩ ለልማት ፈርሶበት፣ አንዱ ኪራይ ይረክሳል ብሎ። ድሮ መጽሐፍ ይዋዋሰው የነበረው ጓደኛው ዛሬ በሌላኛው የከተማ ዳር ይኖራል። በየብሎኩ ምድር ላይ ያሉት ሱቆች ፀጉር ቤት፣ ፋርማሲ፣ ልኳንዳ፣ ሞባይል ጥገና ናቸው። መጽሐፍ ታቅፎ የሚዞር አዟሪ እስከዚህ ድረስ ብዙም አይመጣም። ቤተ መጻሕፍትስ ብትሉ፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት አራት ኪሎ ነው። ወመዘክርም ያው መሀል ከተማ ነው። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ፣ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀይሮ፣ ከሥራ በኋላ እዚያ ደርሶ የሚያነብ ሠራተኛ ግን አላውቅም።

ስለዚህ ሰው ወደ ስልኩ ሄደ። መሄዱም ትክክል ነው።

ስልኩ ላይ የሚያገኘው ነገር ነው የሚያሳስበኝ። ቴሌግራም ላይ «መጽሐፍ» ብላችሁ ፈልጉ። ቻናሉ መዓት ነው። ፋይል በፋይል ላይ ተከምሯል፤ ሽፋኑ፣ ከሥሩ ስሙ፣ ከዚያ «ለሌሎችም ሼር አድርጉ»። አንድ ሰው «ይህን አንብቤ እንዲህ ተሰማኝ» ብሎ የጻፈበትን ቦታ ግን ፈልጋችሁ ትደክማላችሁ። ፋይሉን ያወረደው ሰው ስልኩ ላይ መቶ መጽሐፍ አለው። ከየትኛው እንደሚጀምር የነገረው ሰው ስለሌለ ከአንዱም አይጀምርም።

አንድ በቅርብ ያየሁትን ልንገራችሁ። የብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ እንደማንኛውም የኮንዶሚኒየም ግሩፕ ነው። «ውሃ መጣ?» «የማን መኪና ነው መግቢያውን የዘጋው?» «የጥበቃ ያልከፈላችሁ።» አንድ ምሽት ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር ጎረቤታችን ሦስት ደቂቃ የማይሞላ የድምፅ መልእክት ላከች። ልጇ ከኋላ ያለቅሳል፣ እሷ እሽሩሩ እያለች ታወራለች። አንድ ልብ ወለድ ጨርሳ እንቅልፍ እንቢ ብሏታል። መጨረሻውን አልተናገረችም። ያወራችው ስለ አንዲት እናት ብቻ ነው፤ ልጇ ላይ ለምን እንደዚያ እንደጨከነች ሊገባት እንዳልቻለ፣ ጥፋተኛ ልትላት ፈልጋ አፏ እንቢ እንዳላት። «ያነበበ ካለ እስቲ ያስረዳኝ፣ በእናታችሁ» ብላ ጨረሰች።

ያነበበ አልነበረም። በማግስቱ ግን «መጽሐፉን ታውሺኛለሽ ወይ እህቴ?» የሚል መጣ። መጽሐፉ ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር፣ ከምድር ወደ አራተኛ ፎቅ ዞረ። ጥበቃው ጋሼም ተረኛ ሆኑ፤ ሌሊት ሌሊት አንብበው ከሁሉም ቀድመው ጨረሱት። እናትየዋን አጥብቀው ይከላከላሉ። ግሩፑ ላይ እስከዛሬ የሰው ስም የማናውቅ ጎረቤታሞች በአንዲት በሌለች ሴት ተከራከርን። ይህን ያመጣው የጎረቤታችን ድምፅ ነው። ፋይል ብትልክ ኖሮ ከውሃው ወሬ ሥር ተቀብሮ ይቀር ነበር።

አገራችን ውስጥ መጽሐፍ እንዲህ ነው ሲስፋፋ የኖረው። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የሚያውቅ ሁሉ ግን መጽሐፉን አንብቦ አይደለም ያወቃቸው። ስንቱ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ፣ ከዚያ በኋላ ነው መጽሐፉን ፍለጋ የወጣው። የገጣሚው የነቢይ መኮንን ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በደርግ ጊዜ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚሼል ልብ ወለድ፣ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»፣ በእንግሊዝኛ እጁ ገባ። ወረቀት ስላልነበረ የሲጋራ ፓኮ ወረቀት እየሰበሰበ በዚያ ላይ ወደ አማርኛ መለሰው። እንግሊዝኛ ለማይችሉት እስረኞች የተረጎመውን እያነበበላቸው ነበር። ዛሬ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብለን የምናነበው ያ ነው። ፓኮ ላይ የተጻፈውን ታሪክ በየምሽቱ የሚጠብቁ እስረኞች ባይኖሩ ያ ትርጉም ያልቅ ነበር? አይመስለኝም። አድማጭ ያለው ሰው ነው እንደዚያ የሚደክመው።

ወደ ፋይሉ ልመለስ፣ ምክንያቱም ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በሕይወት ያለ ደራሲን መጽሐፍ ስካን አድርጎ መበተን ደራሲውን መዝረፍ ነው። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ መብቱን ለደራሲው ዕድሜ ልክ፣ ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ እንግዲህ የእሳቸው እንኳን ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። «መጽሐፍ ተወደደ» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፣ እውነትም ነው። አንድ ልብ ወለድ የአንድ ቀን የቤት አስቤዛ የሚያህል ዋጋ አለው። ግን መንገዱ ፋይል መስረቅ ብቻ ነው? ድሮ በየሰፈሩ መጽሐፍ የሚያከራዩ ነበሩ። መዋዋስ አለ። እንደ ተራኪና አፍሮሪድ ያሉ መተግበሪያዎች አሉ፤ በስልክ ይከፈላል፣ ገንዘቡም ለደራሲው የሚደርስበት መንገድ አለው። ስላነበብነው ማውራት ደግሞ በነጻ ነው። የትኛውም ሕግ አይከለክለውም፣ ደራሲም አይቀየምበትም። እንዲያውም የሚናፍቀው ይህን ነው። መጽሐፉ ወጥቶ ማንም ምንም ሳይል የቀረበት ደራሲ ምን ያህል እንደሚከፋው ለማወቅ አንዱን አግኝቶ መጠየቅ ይበቃል።

ስለ ድራማም ላንሳ፣ ምክንያቱም ትልልቆቹ ልጆቹን ብዙ የሚቆጡት በዚህ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር በአማርኛ የሚናገሩ የቱርክ ገጸ ባሕርያት ቤታችን ገቡ፣ ስንቱ ሰውም «ባህላችን ጠፋ» አለ። ከዚያ የኮሪያው መጣ። ትርጉም ፊልሙም አለ፤ ተራኪው ብቻውን የሁሉንም ሰው ድምፅ ሆኖ የሚጫወተው። እኔ የማየው ሌላ ነው። የድራማውን አንድ ክፍል አይታ፣ ላላየች ጓደኛዋ ቴሌግራም ላይ በአማርኛ ስትተርክላት የምታመሽ ልጅ እየጻፈች ነው። የቱን ማስቀደም፣ የቱን መደበቅ፣ የት ጋ ማቆም እንዳለባት እየተማረች ነው። ክፍል ውስጥ «ድርሰት ጻፉ» ሲባል ብዕሯን የምትነክስ ልጅ እዚህ ሳትታዘዝ ትጽፋለች። ይህን «ስልክ ላይ ማፍጠጥ» ብሎ ማጣጣል ያበሳጨኛል።

ኮሪያኛውም ዝም ብሎ ፋሽን አይደለም። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ዘምቷል፤ አያቱ ወይም የአያቱ ጎረቤት እዚያ የተዋጋ ልጅ ዛሬ ቋንቋውን ከድራማ ይለቅማል። ፊደላቸውን፣ ሃንጉልን፣ ንጉሥ ሴጆንግ በ1446 እ.ኤ.አ. ነው ለሕዝባቸው ያወጁት። ክፍለ ቃሉ አንድ ላይ ተደርጎ ስለሚጻፍ በሀሁ ያደገ ልጅ ቶሎ ይለምደዋል። ጠበቅ ተደርገው የሚነገሩት ድምፆቻቸውም አንድ ባይሆኑም ለጆሯችን የኛን ጠ እና ጨ ያስታውሳሉ። ደብተር ላይ በአማርኛ ፊደል እየጻፈች የምትማረው ልጅ ብልህ ናት። ያንን ደብተር ፎቶ አንስታ ብትለጥፈው ከእሷ ኋላ ያለው ጀማሪ ከባዶ አይነሳም።

ግን፣ ልጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የኮሪያኛውን ያህል ጉጉት ለደጃችንም ይኑራችሁ። በከተማው ዳር ስንኖር ከበራችን ወጣ ስንል የምንሰማው አፋን ኦሮሞ ነው። ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ይናገረዋል፣ ጠዋት ወተት የምታመጣልን ሴት ትናገረዋለች። ዱኦሊንጎ የሚባለው የቋንቋ መማሪያ መተግበሪያ ላይ ስዋሂሊና ዙሉ አሉ፤ አፋን ኦሮሞም አማርኛም እስካሁን የሉም። የጉግል ትርጉም አማርኛን በ2008፣ አፋን ኦሮሞንና ትግርኛን በ2014 ዓ.ም. አስገብቷል፤ ለጽሑፍ ይረዳል። «ዸ»ን እንዴት እንደምታወጡት ግን አያሳያችሁም። ያ ድምፅ በምላስ ወደ ውስጥ እንደመዋጥ ተብሎ ነው የሚወጣው፣ የሚለመደውም ሰው ሰምቶ ሲያርም ነው። አንድ የማውቀው ወጣት ቡራዩ ከሚኖር ልጅ ጋር በድምፅ መልእክት ይማማራሉ። አንዱ በአፋን ኦሮሞ ስላየው ፊልም ያወራል፣ ሌላው በአማርኛ ይመልሳል፣ ከዚያ ይተራረማሉ። ክፍያ የለም፣ መጽሐፍ የለም። ርዕሳቸው ደግሞ ሁልጊዜ የሚወዱት ነገር ስለሆነ አይሰለቻቸውም።

በአማርኛ ስትጽፉም በፊደል ጻፉ። ፊደላችን ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ሥርዓት የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ የአማርኛ ኪቦርድ የማይጫንበት ስልክ ማግኘት ይከብዳል። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነገ ፈልጎ የሚያገኘው የለም። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ዛሬም ወደ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ነው ያለው፤ ይህን ለሚያህል ተናጋሪ በጣም ትንሽ ነው። አንድ የታወቀ የአማርኛ ልብ ወለድ ስም ጉግል ላይ ጽፋችሁ ፈልጉ። የማውረጃ ሊንክ ይደረደርላችኋል። ሰው አንብቦ ምን እንዳለ ግን ስንት ታገኛላችሁ? ዛሬ ስድስት መስመር ብትጽፉ፣ ከዓመታት በኋላ ያንን መጽሐፍ ጨርሶ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ያገኛችኋል።

ሂስ ጻፉ አላልኩም። ሂስ የሚለው ቃል ሰውን ያስፈራዋል። የትኛው ገጽ ላይ እንባ እንደመጣባችሁ ጻፉ። የትኛው ገጸ ባሕርይ እንዳናደዳችሁ፣ የት ጋ ተሰላችታችሁ ልታቆሙ እንደነበር፣ ለማን ብታውሱት እንደምትመርጡ ጻፉ። ካልወደዳችሁትም ለምን እንደሆነ ሳትሳደቡ ጻፉ። መጻፍ የሚከብደው እንደ ጎረቤታችን ድምፁን ይላክ።

ለነዋሪ ኮሚቴዎች ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። በየሳይታችን ኮሚናል አለ። ለድግስ፣ ለለቅሶ፣ ለዕርድ፣ ለልብስ እጥበት ተብሎ የተሠራ ነው። ብዙ ቀን ተቆልፎ ይውላል። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ይከፈት። አንድ መደርደሪያ ይግባ፣ እያንዳንዱ ቤት አንብቦ የጨረሰውን አንድ መጽሐፍ ያምጣ፣ የወሰደ ስሙን ደብተር ላይ ይጻፍ። ስልክ ላይ የተጀመረው ወሬ እዚያ ይቀጥላል። አፋን ኦሮሞ የሚችለው ለማይችለው፣ ኮሪያኛ የጀመረችው ልጅ ለታናናሾቿ ያሳዩ። መብራቱ አለ፣ ወንበሩ የዕድሩ አለ። ወጪው የመደርደሪያው ብቻ ነው። እኔ በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ ይህን አነሳለሁ። ጋሼም የቁልፉን ኃላፊነት እወስዳለሁ ብለዋል። የእናንተ ሳይት ላይ ቁልፉን የያዘው ማን እንደሆነ ጠይቁ።