ሐረጎ ላይ የሞተረኛ ጆሮ

ጥያቄው ይህ ነበር፦ ሞተር የሚነዳ ሰው ስልኩን፣ ማፑንና ማዳመጫውን በብሉቱዝ አገናኝቶ ቢነዳ ይጠቅመዋል ወይስ ያዘናጋዋል? ይጠቅማል ብሎ የጻፈው በደሴና በኮምቦልቻ መካከል በሞተር ዕቃ የሚያደርስ ወጣት ነው። ያዘናጋል ያሉት ኮምቦልቻ ውስጥ ሞተር የሚጠግኑ አንጋፋ መካኒክ ናቸው።

ሞተረኛው

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ። ጠዋት ደሴ ሰኞ ገበያ ዕቃ እቀበላለሁ። መለዋወጫ፣ ልብስ፣ አንዳንዴም ሰነድ። ኮምቦልቻ አወርዳለሁ። ከሰዓት ሌላ ዕቃ ይዤ እወጣለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች አጭር መንገድ ግን፣ ሐረጎ የሚባለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጨምሮ፣ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ስድስት ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ሐረጎን ዐይኔን ጨፍኜ እወርደዋለሁ።

ድሮ እንዴት ነበር የምሠራው? ስልኩ ኪሴ ውስጥ ይጮኻል። ደንበኛው «የት ደረስክ?» ሊለኝ ነው። ካላነሣሁ ይቆጣል። ስለዚህ ስልኩን በጉንጬና በሄልሜቱ መሃል ሸጉጬ እያወራሁ እነዳለሁ። ስልኩ ሲንሸራተት አንድ እጄን ከመሪው አነሣለሁ። ሁለት ጊዜ አስፋልት ላይ ወድቆ ተሰብሮብኛል። ዛሬም ፒያሳ ቆማችሁ ብታዩ እንዲህ የሚነዳ ሞተረኛ አታጡም።

አሁን ሄልሜቴ ውስጥ፣ ከጆሮው ስፖንጅ ሥር፣ ሁለት ስስ ስፒከሮች አሉ። አገጬ ጋ ትንሽ ማይክ አለ። በግራ በኩል በጓንት የሚጫኑት ቁልፍ አለ። ስልኩ ጃኬቴ ውስጥ ነው። ብሉቱዝ ዐሥር ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ከደረት እስከ ጆሮ አያቅተውም። አንዴ ከተዋወቁ በኋላ ጠዋት ሄልሜቱን ሳበራው ራሱ ስልኬን ያገኘዋል። ማፑ «ከ200 ሜትር በኋላ ወደ ቀኝ» ሲለኝ ዐይኔ ከመንገዱ አይነሣም።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ ለሁለት ሰከንድ ስልክ ብታዩ 28 ሜትር መንገዱን ሳታዩ ሄዳችሁ ማለት ነው። ይህን ያስቀረልኝን ዕቃ አዘናጊ የሚል ሰው ካለ ያስረዳኝ።

መካኒኩ

ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ልቤ ግን አንድ መስመር ላይ ቀረ። «ሐረጎን ዐይኔን ጨፍኜ እወርደዋለሁ» ይላል። ልጄ፣ መንገዱን እንዲህ ካወቅኸው «ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ» የሚልህ ድምፅ ምን ያደርግልሃል? ካላወቅኸው ደግሞ ይህን አትጻፍ። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወስደው ዋናው አስፋልት አንድ ነው።

አሁን ስለ ጆሮ እንነጋገር። ሞተር በጆሮም ነው የሚነዳው። ሰንሰለት ሲላላ ድምፅ አለው። የፍሬን ሸራ ሲያልቅ ብረት ብረትን ይፍቃል፤ ይጮኻል። ስንቱ ሞተሩን እየገፋ መጥቶብኛል! ስፈታው ሸራው አልቆ ታምቡሩ፣ ሸራው የሚይዘው ብረት ማለት ነው፣ ተበልቷል። «ስንት ቀን ጮኸብህ?» እለዋለሁ። «ኧረ አልሰማሁም» ይለኛል። ኤርፎኑ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። በሸራ ዋጋ ያልቅ የነበረው ነገር ታምቡር ያስገዛዋል። ያውም እግዜር ጠብቆት እኔ ጋ ከደረሰ ነው።

ሐረጎ ላይ ከኋላህ የሚመጣውስ? ጭነት የሞላ ተሳቢ ፍሬኑ ግሎ ሲወርድ መጀመሪያ የምታውቀው በድምፁ ነው። ክላክሱን ይነፋል። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ የፊት ጎማህን እንኳ በደንብ አታይም። መስታወትህም አይረዳህም። የቀረህ ጆሮህ ነው። እሱንም ለስልክ ሰጠኸው።

ነገሩ የእኔ የሽማግሌ ስጋት ብቻ አይደለም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሚነዳ ሰው ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ እንዳይሰካ ከልክላለች። እነሱ ከእኛ የተሻለ መንገድ እያላቸው።

ሞተረኛው

ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው የምመልሰው። ቅር ግን ብሎኛል። «ዐይኔን ጨፍኜ» አነጋገር ነው። እርስዎም ሞተር ዐይንዎን ጨፍነው እንደሚፈቱ ለደንበኛ ነግረው አያውቁም? ከጻፍኩት ሁሉ እሷን መዘው አወጡ። ስልክ በጉንጭ ሸጉጦ ስለመንዳት ግን አንድ ቃል አልተናገሩም። ዋናው ነገሬ እሱ ነበር።

ማፑ ለሐረጎ አይደለም፤ ሐረጎ ከወረድኩ በኋላ ነው የሚያስፈልገኝ። ኮምቦልቻ በየጊዜው አዲስ ሰፈር ይወጣል። የቤት ቁጥር ጠይቆ የሚገኝ ቤት የለም። ደንበኛው «ከመስጊዱ ወረድ ብሎ፣ አረንጓዴ በር» ይለኛል። ስንት አረንጓዴ በር አለ? አሁን በቴሌግራም ሎኬሽን ይልክልኛል፤ እኔ እከተላለሁ። ወደ ሐርቡ፣ ወደ ገርባ፣ ወደ ኩታበር ስላክም እንዲሁ ነው። ኔትወርክ ቢጠፋም ማፑን አስቀድሜ ስልኬ ላይ አውርጄዋለሁ። ጂፒኤስ ቦታዬን ከሳተላይት ነው የሚያገኘው፤ ዳታ አይጠይቅም። ስልኩን መሪው ላይ አስሬ እንዳላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለኝ። አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 የትላልቅ ሞተሮች ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊያበላሽ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ስለዚህ ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ፣ ድምፁ ወደ ጆሮ ይምጣ።

የፈረንሳይን ሕግ ደግሞ ግማሹን ነው የጠቀሱት። የከለከለው ጆሮ ውስጥ የሚሰካውን ነው። ሄልሜት ውስጥ የተገጠመ ስፒከርን አልከለከለም። የኔ ያ ነው። ጆሮዬ ክፍት ነው። ውጭ ያለውን እሰማለሁ። አንዳንድ ልጆች የሚሰኩት የውጭ ድምፅ የሚያጠፋ ኤርፎን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ የሚያጠፋው ወፍራሙን ድምፅ ነው፤ የተሳቢ ጉርምርምታም እዚያ ውስጥ ይገባል። በዚያ ላይ አልከራከርዎትም።

ያለ ማዳመጫስ ጆሮ ሁሉን ይሰማል እንዴ? በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ሄልሜት ውስጥ ያለው የነፋስ ጩኸት ከ90 ዴሲቤል ያልፋል። 85 ዴሲቤል ውስጥ ቀኑን ሙሉ መሥራት ጆሮ እንደሚጎዳ የሥራ ደኅንነት ሰዎች ይናገራሉ። ለጆሮ ካሰብን በሜዳው መንገድ ላይ የሚያደነቁረን ነፋሱ ነው።

መካኒኩ

ነፋስ አልክ። ሐረጎን በ80 ትወርዳለህ ማለት ነው? በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ተይዞ በሚወረድ ጠመዝማዛ ላይ የ80 ነፋስ ከየት መጣ? ክርክራችን ስለ ሐረጎ ነው፤ አንተ ሜዳ ወሰድከኝ።

«አነጋገር ነው» አልከኝ። አይደለም። እኔ የማየውን አንተ አታይም። ወድቆ የሚመጣልኝ ሞተር የጀማሪ አይደለም። ጀማሪ ይፈራል፤ ፈርቶ ቀስ ይላል። የሚወድቀው «ዐይኔን ጨፍኜ» የሚለው ነው። መንገዱን ስለለመደው ሐሳቡን ለሌላ ነገር ያውለዋል። አንተ ሐሳብህን ለማን ነው ያዋልከው? ለደዋዩ።

ስፒከሩ ጆሮ አይደፍንም ብለሃል። እሺ፣ ያ ይሁንልህ። ወሬው ግን ልብን ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ ዩታ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ዴቪድ ስትሬየርና ዊሊያም ጆንስተን፣ ይህን በሙከራ አይተውታል። መንዳት የሚመስል ሥራ ሰጥተው ሰዎችን ስልክ አስወሯቸው። የሚያወሩት ያመለጣቸው የማቆሚያ ምልክት እጥፍ ሆነ። ስልኩን በእጅ መያዝና አለመያዝ ለውጥ አላመጣም። ነገሬን ልብ በልልኝ። እጅህ ነፃ ወጣ፤ ልብህ አልወጣም።

የምትጫነው ቁልፍስ በግራ አይደል? ግራ እጅ የክላች እጅ ነው። ኩርባው ላይ ማርሽ ልትቀንስ ስትል ስልኩ ቢጠራ እጅህ የቱ ጋ ይሄዳል?

ሞተረኛው

ያንን ጥናት ስለጠቀሱት አመሰግናለሁ። እኔም አውቀዋለሁ። ያው ሙከራ ላይ ሬዲዮና በድምፅ የተቀዳ መጽሐፍ እንዲያዳምጡ የተደረጉ ሰዎችም ነበሩ። እነሱ አልተዘናጉም። ችግሩ መስማት ሳይሆን ማውራት ነው ማለት ነው። ማፑ ደግሞ አያናግረኝም። ይናገራል፣ ዝም ይላል። አንዳንዴ ድምፁ ሲነቃ የመጀመሪያዋን ቃል ይውጣታል፤ እሱንም ስለለመድኩት ሁለተኛውን እጠብቃለሁ። መልስ አይጠይቀኝም። «ለምን ዘገየህ?» አይለኝም።

እንዲህ የሚለኝ ሰው ነው። ይህንን ልጽፈው አልፈለግሁም ነበር፤ ግን «ሐሳብህን ለማን ነው ያዋልከው» ብለው ስለጠየቁኝ እመልሳለሁ። ብዙ ጊዜ የምጭነው መለዋወጫ ነው። ካርቡራተር፣ ሰንሰለት፣ ሸራ። የሚቀበሉኝ የኮምቦልቻ ጋራዦች ናቸው። ባለፈው ሳምንት ሐረጎ ላይ እያለሁ አንድ ጋራዥ አራት ጊዜ ደወለልኝ። በአራተኛው ላይ አነሣሁ። «ደንበኛዬ ቆሞብኛል፣ ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። ጉም ነበር። ጋሼ፣ ያ ሰው እርስዎ ነዎት አላልኩም። ግን ብሉቱዙን አውልቄ ብጥለው ያ ሰው መደወሉን ይተዋል? አይተውም። እኔ ተመልሼ ስልኩን በጉንጬ እሸጉጠዋለሁ። ዕቃዬን ከመንቀፍ ደዋዩን ጠይቁልኝ። ላንዘገይ ብለን የምንሮጠው ለእናንተ ነው።

ከሁሉም ያስከፋኝ ግን ሌላ ነው። እንደ ጎረምሳ ተቆጠርኩ። እናቴን የማስተዳድረው በዚህች ሞተር ነው። ሸራዬን በየጊዜው አሳያለሁ። ሳይጮኽ ነው የማስቀይረው።

መካኒኩ

ይህን ሳነብ ጋራዡን ዘግቼ ነበር። ጥቂት ጊዜ ቁጭ አልኩ።

እኔም ደውያለሁ። አንተ ጋ ይሁን ሌላው ጋ አላውቅም። ሞተረኛው ሐረጎ ላይ እንደሆነ እያወቅሁ ደውያለሁ። ፊቴ የቆመ ደንበኛ አለ፣ ሞተሩ ተፈታትቶ መሬት ላይ ተዘርግቷል፣ የምጠብቀው አንድ ሰንሰለት ነው። ስልኬን አንሥቼ እደውላለሁ። እያለቀሰ የሚያነሣ ይሁን እየወደቀ አስቤ አላውቅም። በዚህ አልከራከርህም።

ጎረምሳ አላልኩህም። ብዬ ከሆነ ይቅር በለኝ። የእናትህ ነገር ነው የሚያሳስበኝ።

ያ አነጋገርህ ግን አሁንም አልወጣልኝም። ስልክ በጉንጭ የሚሸጉጠው ልጅ ቢያንስ አደጋ ላይ እንዳለ ያውቀዋል። አንተ ሁሉ ነገር ተመቻችቶልሃል። ስፒከሩ አለ፣ ማይኩ አለ፣ እጅህ መሪው ላይ ነው። ስለተመቸህ ታነሣለህ። ድሮ ከአራቱ አንዱን ታነሣ ከነበር አሁን አራቱንም ታነሣለህ። እውነቱን ንገረኝ፤ ብሉቱዙን ከገዛህ ወዲህ ሞተር ላይ የምታወራው ጨምሯል ወይስ ቀንሷል?

ሞተረኛው

ጨምሯል።

አልዋሽዎትም። ሲመቸኝ አነሣለሁ። ያነሣሁባቸውን ኩርባዎች አሁን ሳስባቸው ደስ አይሉኝም።

ማፑን ግን አልተውም። ስፒከሩንም አላወልቅም። ዛሬ ጠዋት ያደረግሁት ይህ ነው። ስልኬ ላይ ስነዳ ጥሪ እንዳያሳልፍ የሚያደርግ ነገር አለ፤ ሁልጊዜም ነበረ፣ እኔ ነኝ ያልነካሁት። ከፈትኩት። የሚደውል ሰው «መንገድ ላይ ነኝ፣ ስደርስ እደውላለሁ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። የማፑ ድምፅ ብቻ ይገባል። የእናቴን ቁጥር ብቻ እንዲያልፍ አድርጌዋለሁ። እሷ ደግሞ ከመግሪብ በፊት አትደውልም።

ከሰኞ ገበያ ስነሣ ለሚጠብቀኝ ሁሉ «ተነሣሁ» ብዬ በቴሌግራም እልካለሁ። ሐረጎን ጨርሼ ሜዳው ላይ ስደርስ ቆሜ እደውላለሁ። ዛሬ ሁለት ጋራዦች «ለምን ስልክህ አይሠራም?» ብለው ተቆጥተዋል። አንዱ ነገ በሌላ ሞተረኛ አስልካለሁ ብሏል። ይህን ደግሞ እርስዎ ለሙያ ጓደኞችዎ ይንገሩልኝ ጋሼ። እኔ ብነግራቸው ሰበብ ይመስላቸዋል።

መካኒኩ

እነግራቸዋለሁ። የነገው ሸራ የኔ ነው። አልደውልም።