ሦስት ደቂቃ፣ 160 ጥያቄ

እዚህ አሜሪካ ኮሌጅ የገባ ሐበሻ ብዙ ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው ነርሲንግ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ የመድኃኒት መጠን ስሌት ይጠብቀዋል። ሌላውን ትምህርት አንደኛ ሆኖ ሒሳቧ ላይ ብቻ ደጋግሞ የሚወድቅ ልጅ አይጠፋም። አገር ቤት ቢሆን «ሰነፍ ነው» ተብሎ ያልቅ ነበር። በእኛ ጊዜ ሰባት ሲባዛ በስምንት ተብሎ ተነስቶ የተንተባተበ ልጅ ትርፉ ኩርኩም ነበር። ለምን ዘገየ ብሎ የጠየቀ አስተማሪ ትዝ አይለኝም።

እዚህ ያው መዘግየት ይመረመራል፤ ያውም ሰዓት ተይዞ። ዉድኮክ ጆንሰን በሚባለው ምዘና ውስጥ ቀላል መደመር፣ መቀነስና ማባዛት የሞላበት ወረቀት አለ፤ 160 ጥያቄ፣ ሦስት ደቂቃ። ኮሌጅ የደረሰ ሰው መቼም 8 ሲደመር 7 አያቅተውም። ጊዜ ከሰጡት 15 ብሎ ይጽፋል። ጉዱ የሚወጣው ሰዓቱ ሲሮጥ ነው። አንዱ መልሱን ሳያስብ ይጽፋል፤ ሌላው ጠረጴዛ ሥር ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል። ያለ ሰዓት ቢፈተኑ ሁለቱም እኩል ይደፍናሉ፤ ዲስካልኩሊያ፣ ማለትም ቁጥርና ስሌት ላይ የሚታይ የመማር ችግር ያለበትም ሳይታወቅ ያልፋል።

ሰዓት ብቻውን ግን አይፈርድም። ፈተና ሲያይ እጁ የሚንቀጠቀጥም ይዘገያል። በስደት መንገድ ትምህርቱ የተቋረጠበትም እንደዚያው። ስለዚህ ደህና መርማሪ ያለ ሰዓትም ያስፈትነዋል፣ የልጅነት ትምህርቱንም ይጠይቃል።

እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ የመማር ችግር የተጠረጠረበትን ልጅ በነፃ የመመርመር ግዴታ አለባቸው። ኮሌጅ ይህ ግዴታ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ድጋፍ ስጥ ይለዋል እንጂ የምርመራውን ሒሳብ ክፈል አይለውም። እዚህ ያደገው ፋይሉን ይዞ ይመጣል። በሃያ ዓመቱ በዲቪ የገባው ግን በግል ልመርመር ካለ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊጠየቅ ይችላል። ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራ ለሚማር ልጅ ይሄ ቀልድ ነው።

ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ቤተሰብ አለ። «ልጄን አካል ጉዳተኛ ልታስብሉት ነው?» የሚል አባት አይታጣም። ሲፈራ የኖረው የኮሌጁ የድጋፍ ደብዳቤ አስተማሪው ዘንድ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ የሚለው ለፈተና አንድ ተኩል እጥፍ ጊዜ ይሰጠው ነው፤ የችግሩ ስም እንኳ አይጻፍበትም።